ባለቤቱ አልነገረኝም

ሰው በምሳሌ ሲያናግረኝ ደሜ ይፈላል። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይሉኛል። እኔ ጠጅ አልጠጣም፤ ምሳሌውም ይቅርብኝ። ሥራ ካለህ ሥራውን ንገረኝ፤ የት፣ መቼ፣ በምን። ከዚያ ዞር በልልኝና የሠራሁትን ና እይ። ልጅ ሳለሁ እናቴ «እስክመጣ ገንፎውን አማስል» ብላኝ ለቅሶ ልትደርስ ጎረቤት ሄደች። ለቅሶው ረዘመ። ስትመለስ ገንፎው ከሰል ሆኗል፤ እጄ ግን አላቆመም ነበር። እሷ እስክትሞት ድረስ ይህን እያነሣች ትስቅብኝ ነበር። እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ የሚያሳፍር ነገር አይታየኝም።

በ1951 ዓ.ም. አሰላ ከተማ የከብት መርፌ ወጊ ሆኜ ተቀጠርኩ። መሥሪያ ቤቱ አንድ መስመር የሚሞላ ስም ነበረው፤ ሰው ግን «መርፌ ቤት» ብሎ ተገላገለው። ከገበያው በላይ የቆመ ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት፣ በላምባ የሚሠራ አንድ ማቀዝቀዣ፣ አንድ ላንድሮቨርና ጥቂት በቅሎዎች ነበሩን። ሥራችን ከብቱን ከደስታ በሽታ መከላከል ነው። አዎ፣ መንጋ የሚጨርሰውን በሽታ ደስታ ብለው ነው የሚጠሩት። ለምን እንደሆነ ጠይቄ የመለሰልኝ ሰው የለም።

አለቃችን አቶ በዛብህ ከሸዋ የመጡ፣ ኮታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ንግግር አዋቂ ሰው ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ነገር ግን ከአፋቸው አንድም ነገር ሙሉ ሆኖ አይወጣም። የተቀጠርኩ ዕለት የሙከራ ጊዜዬ ስድስት ወር መሆኑን ነገሩኝ።

«ከስድስት ወር በኋላስ፣ ጌታዬ?» አልኳቸው።

«በሚገባ ከሠራህ ቋሚ ትሆናለህ።»

«በሚገባ የሚባለው ምን ያህል ነው?»

«እሱን ሥራው ራሱ ይነግርሃል።»

ሥራው እስኪነግረኝ ጆሮዬን ሰጥቼ ጠበቅኩ። አንድም ቃል አልተነፈሰም።

እኔ ደግሞ መቸኮሌ ያለ ምክንያት አልነበረም። አማቴ ልጁን ጠይባን የሰጠኝ «የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ» ብዬው ነው። ከስድስት ወር በኋላ ቢያሰናብቱኝ ውሸታም ልሆን ነው፤ እኔ ደግሞ ዋሽቼ አላውቅም። ጠይባ በሆዷ ልጅ ይዛ ነበር። «ልጁ ሲወለድ አባቱን ምን እንበለው?» እያለች ታሾፍብኛለች። እኔን ግን ጥያቄው እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር።

በየጠዋቱ አቶ በዛብህ በራፉ ላይ ይቆሙና «እንደተለመደው!» ይላሉ። ሁሉም ይበተናል። እኔ ቆሜ እቀራለሁ። የተለመደው የት ተጽፏል? ጉደታ የሚባል ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድሞ የገባ ወጊ አዘነልኝና ወደ ዳር ወስዶ መከረኝ።

«ስማኝ ከዲሮ፣ አለቃ የሚወደው ቁጥር ነው። ቁጥር ስጠው። ሌላውን ተወው።»

«ሌላው ቅጹ ላይ አለ እኮ።»

«ቅጹን ማን ያነበዋል?» አለ።

እኔ አንብቤው ነበር። ለአንድ ከብት አንድ መስመር ይላል። የባለቤቱ ስም፣ መንደሩ፣ ባለቤቱ ያለው የከብት ብዛት፣ የተወጋው ከብት መልክና ምልክት፣ መድኃኒቱ የመጣበት የካርቶን ቁጥር፣ በመጨረሻም አስተያየት። ከግርጌው በትንንሽ ፊደል «እያንዳንዱ ዓምድ በእውነት ይሞላ፤ ባዶ አይተው» የሚል ታትሞበታል። በመርፌ ቤት ውስጥ ያገኘሁት ብቸኛ ግልጽ ትእዛዝ ይህ ነበር። እንደ ዘመድ ወደድኩት።

ጣጣው ያለው ብዛት በሚለው ዓምድ ላይ ነው። የአርሲ ሰው ከብቱን አይቆጥርም፤ ቢቆጥርም አይናገርም። ቁጥሩ ከአፍ የወጣ ዕለት በረት ባዶ ይሆናል ይባላል። አባቴ ከብቱ ሲገባ አጥሩ ሥር ቆሞ መልክ መልካቸውን ያይና «ጉራቲ የለችም» ይላል፣ ጥቁሯን ማለቱ ነው፤ ትፈለጋለች፤ ትገኛለች። ስንት ናቸው ብሎ የጠየቀው ሰው ግን ቡና አይቀርብለትም። የመርፌ ቤት ወጊዎች ይህን ያውቃሉ፤ ስለዚህም አይጠይቁም። ጉደታ ሥራውን ሲጨርስ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጥና ሰማይ ሰማይ እያየ አርባ፣ ስልሳ፣ ሰማንያ አምስት እያለ ይሞላል። ጽሕፈቱ ደግሞ ያምራል። እኔ እያንዳንዱን ባለቤት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ያየኛል፤ ዝም ይላል። እኔም በዓምዱ ላይ የሆነውን እጽፋለሁ፦ «ባለቤቱ አልነገረኝም።»

ቀጥዬ የወጋሁትን ከብት መልክ በአገሩ አጠራር እጽፋለሁ፤ ዲምቱ ቀይ፣ ቡሬ ዥጉርጉር ማለት ነው። ዲምቱ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት። ቡሬ፣ ግራ ቀንዷ ወደ ታች የዞረ። ጉደታ አንድን መንጋ በአንድ መስመር ሲጨርሰው እኔ ስምንት ገጽ እፈጃለሁ። በወሩ መጨረሻ አቶ በዛብህ ጠሩኝ። መዝገቡን ገልብጠው ገልብጠው ጣታቸውን አንዱ ገጽ ላይ አሳረፉ።

«ባለቤቱ አልነገረኝም፣ ባለቤቱ አልነገረኝም፣ ባለቤቱ አልነገረኝም! ይህ መዝገብ ነው ወይስ እንጉርጉሮ?»

«መዝገብ ነው፣ ጌታዬ።»

«ካልነገረህ ትገምታለሃ!»

«ቅጹ በእውነት ይላል። ለግምት ዓምድ የለውም። በጽሑፍ ካዘዙኝ ግን 'በአለቃ ትእዛዝ የተገመተ' ብዬ እሞላዋለሁ።»

አዩኝ። እየቀለድኩ መስሏቸው ነበር፤ እንዳልሆነ ሲገባቸው ባሰባቸው። «ሂድ፣ ሂድ» አሉኝ። የት እንደምሄድ ስላልነገሩኝ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

በየካቲት ወር ወደ ሳጉሬ ወረድን። መድኃኒቱ በበረዶ ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ያን ጊዜ የያዝነው በሙሉ ካርቶን ቁጥሩ 14 የሆነ ነው። አቶ በዛብህም አብረውን ነበሩ። መንገድ ላይ የላንድሮቨሩ ጎማ ተነፈሰ፤ መለወጫውም የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ። ሾፌሩ ጎማውን በጭነት መኪና አስጭኖ አሰላ ጎሚስታ ቤት ደርሶ እስኪመለስ ሣጥኑ ፀሐይ ላይ ዋለ። መንደሩ ስንደርስ ከፈትኩት። በረዶው ውኃ ሆኗል፤ ብልቃጦቹም ሞቀዋል። ሰው ከብቱን ይዞ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቀን ነበር።

«በረዶው ቀልጧል፤ ምን ይደረግ?» አልኳቸው።

«ሰው ተሰብስቧል። እንደተለመደው ቀጥሉ።»

«በረዶ ሲቀልጥ የተለመደው ምንድነው?»

ፊታቸውን አዙረው ከባላባቱ ጋር ወግ ጀመሩ። እኔም ቀጠልኩ። ዛሬ ቢሆን መርፌውን አስቀምጬ እቆም ነበር፤ ያን ቀን ግን አልቆምኩም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አስተያየት በሚለው ዓምድ ላይ ግን ጻፍኩ፦ «የካቲት 19 ቀን በረዶው ቀልጦ ብልቃጡ ሞቋል። ለአቶ በዛብህ ነገርኩ። እንደተለመደው ቀጥሉ አሉ።» የተረፉት ብልቃጦች ወደ ማቀዝቀዣው ተመለሱና በኋላ ከመጣው ካርቶን 15 ጋር ተደባለቁ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሁላችንም እጃችን የገባውን እያነሣን ወጋን። እኔ ግን ባነሣሁ ቁጥር ብልቃጡ ላይ ያለውን የካርቶን ቁጥር አይቼ 14 ወይም 15 ብዬ እጽፍ ነበር፤ ዓምዱ አለና።

በመጋቢት ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ ይመጣል የሚል ወሬ ተሰማ። አቶ በዛብህ ጠሩኝና ድምፃቸውን አለስልሰው «ከዲሮ፣ ይህን መዝገብ በአዲስ ደብተር ላይ ንጹሕ አድርገህ ገልብጥልኝ። ንጹሕ፤ ይገባሃል አይደል?» አሉ።

ንጽሕና ይገባኛል። አራት ቀን ሙሉ በማስመሪያ አስምሬ ያለ አንዲት የቀለም ጠብታ ገለበጥኩት። በሕይወቴ እንደዚያ አምሮ የተጻፈ ነገር አላየሁም። አቶ በዛብህ እየገለጡ ፈገግ ብለው ቆዩና የካቲት 19 ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ጠቆረ። በረዶው እዚያው ነበር፤ ስማቸውም እዚያው፤ ጽሕፈቱ ብቻ ከበፊቱ አምሯል።

«ይህ ለምን አለ?»

«መዝገቡ ላይ ስላለ።»

«ንጹሕ አድርግ አላልኩም?»

«ይኸው፣ ጌታዬ። አንድ ጠብታ ካገኙበት እንደገና እጽፈዋለሁ።»

ደብተሩን መሳቢያቸው ውስጥ ከተው ቆለፉበት። «ከነገ ጀምሮ በር ላይ ተቀመጥ» አሉኝ። ምን እየሠራሁ ብዬ ብጠይቅ «ተቀመጥ ብያለሁ!» አሉ። ምክንያት የለ፣ ደብዳቤ የለ። ስለ አሮጌው መዝገብ ምንም ስላላሉኝ በቦርሳዬ ይዤው ወጣሁ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አንድ ወር ቀርቶት ነበር። ለጠይባ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ሳቀችና ከዚያ አለቀሰች። «ወላሂ፣ አንተን ያገባሁት እያወቅሁ ነው» አለችኝ። ይህችን ቃል ደመወዝ ቢጨመርልኝ አልለውጣትም።

በሚያዝያ ደስታ ሳጉሬ ገባ። የተወጋ ከብት ታሞ መሞት ጀመረ። መርፌው ነው የገደለው የሚል ወሬ በአንድ ገበያ ቀን አገሩን አዳረሰ። ወጊዎቻችን በየሄዱበት በዱላ ተመለሱ። ተቆጣጣሪው አቶ ተክለወልድ ከአዲስ አበባ እየበረሩ መጡ። አጭር፣ መነጽር ያደረጉ፣ ችኩል ሰው ናቸው። በሩ ላይ እኔን አገኙኝ።

«አንተ ማነህ?»

«ወጊ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ወጊ በር ላይ ምን ይሠራል?»

«ይቀመጣል።»

መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝና አልፈው ገቡ። ሁሉም ነገር በተከፈተው መስኮት ይሰማኝ ነበር። ይዘው የመጡት መድኃኒት ትንሽ ነው፤ አገሩን ሁሉ ዳግም ለመውጋት አይበቃም። ስለዚህ የትኛው ከብት ከየትኛው ካርቶን እንደተወጋ ማወቅ አለባቸው። የጉደታን መዝገብ አዩ፤ በየመስመሩ ክብ ክብ ቁጥር ብቻ። የሌሎቹንም አዩ፤ ያው ነው።

«የካርቶን ቁጥር የጻፈ አንድ ሰው የለም?» ብለው ጮኹ።

አቶ በዛብህ «አንድ መዝገብ ነበር፤ እየተገለበጠ ነው» አሉ።

ይህ እውነት አልነበረም። ተነሥቼ በመስኮቱ ብቅ አልኩ። «ተገልብጦ አልቋል፤ መሳቢያቸው ውስጥ ነው። ቁልፉ ከጠፋ አሮጌው እዚህ ቦርሳዬ ውስጥ አለ» አልኩ። ማንንም ለማሳጣት አልነበረም፤ የተጠየቀውን መመለሴ ነው።

አቶ ተክለወልድ መዝገቡን ቆመው አነበቡት። የካቲት 19ን ሁለት ጊዜ አነበቡት። አቶ በዛብህን ምንም ሳይሏቸው ወረቀትና እርሳስ አወጡና ከእኔ ጋር ተቀምጠው ከሳጉሬ የመጣውን የሞቱ ከብቶች ስም ዝርዝር ከመዝገቤ ጋር መስመር በመስመር አስተያዩት። እኔ ከወጋኋቸው መካከል የሞቱት በሙሉ ከካርቶን 14 የተወጉ ናቸው። ከ15 አንድም የለም። መርፌው አልገደለም፤ የሞቀው መድኃኒት ነው ያላዳናቸው። ከ14 ተወግተው ገና ላልታመሙት ቶሎ ደርሰን ዳግም ከወጋን ይተርፋሉ።

በማግስቱ መጀመሪያ የደረስነው ኦቦ ቱሳ ግቢ ነው። ኦቦ ቱሳ በዚያ አገር ቃላቸው የሚሰማ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው እምቢ ካሉ ሳጉሬ ሁሉ እምቢ ይላል። ሁለት ጊደሮች ሞተውባቸው ነበር። በትራቸውን በሩ ላይ አጋድመው ቆመው ጠበቁን።

«በመርፌያችሁ ገደላችኋቸው። ደግሞ የቀሩትን ልትጨርሱ መጣችሁ?» አሉ በኦሮምኛ።

አቶ ተክለወልድ ረጅም ንግግር ጀመሩ፤ ስለ መንግሥት፣ ስለ ሳይንስ፣ ስለ ልማት። ኦቦ ቱሳ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አልነቀሉም።

«አንተ ነህ የወጋኸው» አሉኝ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ። በረዶው ቀልጦ ነበር። መድኃኒቱ የእርስዎ ከብት ውስጥ ሳይገባ ሞቷል። እኔም እያየሁ ወጋሁ። ጥፋቱ የእኔም ነው» አልኳቸው። አጠገቤ የቆመው ጉደታ ክንዴን ቆነጠጠኝ። መቆንጠጡ ምን ማለት እንደሆነ ስላልነገረኝ ቀጠልኩ። «ከሌላው ካርቶን የተወጉት ደህና ናቸው። ዳግም የሚወጉትን ልጥራቸው።»

መዝገቡን ገለጥኩ። ስንት እንደሆኑ አልተናገርኩም፤ አንድ በአንድ ጠራኋቸው እንጂ። «ዲምቱ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት። ቡሬ፣ ግራ ቀንዷ ወደ ታች የዞረ። ጉራቲ፣ የጅራቷ ጫፍ የሌለ...»

ኦቦ ቱሳ እጃቸውን አነሡ። «ጅራቷን ጅብ ነው የወሰደው። ጥጃ ሳለች» አሉ። ቀጥዬ ጠራሁ። በየስሙ መሐል ራሳቸውን እየነቀነቁ «እሷ ናት፣ እሷ ናት» ይላሉ። ሴቶቹም ከቤት ወጥተው ያዳምጡ ጀመር። ስጨርስ ሽማግሌው ጠጋ ብለው መዝገቡን አዩ።

«መንግሥት ከብቴን በመልክ ያውቃታል?»

«መንግሥት አያውቃትም። እኔ ነኝ የማውቃት» አልኩ።

በትሩን አነሡና በረቱን ከፈቱ። ያን ቀን ደረቴ ልብሴን ሊቀድድ ደርሶ ነበር፤ አልደብቅም። ከዚያ ወዲያ በየመንደሩ ስንደርስ «ያ ከብት የሚጠራው መጣ» እየተባለ በር ይከፈትልን ጀመር። ጉደታና ሌሎቹ የወጓቸው ካርቶናቸው ስለማይታወቅ በተረፈው መድኃኒት የተቻለውን ያህል ተወጉ። አንዳንዱ ሞተ። እኔ በስም ጠርቼ ዳግም ከወጋኋቸው ግን ቀድመው ከታመሙት ሦስቱ በቀር አልሐምዱሊላህ ሁሉም ክረምቱን አዩ።

አቶ ተክለወልድ ሊሄዱ ሲሉ በኦቦ ቱሳ ግቢ ደጃፍ፣ በላንድሮቨሩ አፍንጫ ላይ መዝገቤን ዘርግተው ጠሩኝ። የሙከራ ጊዜዬ የሚያልቀው በዚያው ሳምንት ነበር፤ አውቀዋል።

«ከዲሮ፣ አዲስ አበባ ስደርስ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ይህን ዓምድ ነው። የከብት ብዛት። አንተ ደግሞ ከላይ እስከ ታች 'አልነገረኝም' ነው ያልከው። ዛሬ ሽማግሌው ላንተ የማይነግሩህ ነገር የለም። ቢያንስ የእሳቸውን ጠይቅና ሙላልኝ። ቋሚ የምትሆንበትን ደብዳቤ እዚሁ እፈርማለሁ።»

በመጨረሻ አንድ ሰው ነገሩን በግልጽ ነገረኝ። ደስ አለኝ። ሄጄ ኦቦ ቱሳን ጠየቅኳቸው፤ ቁጥሩ ለምን እንደሚፈለግ፣ እኔም በእሱ ምን እንደማገኝ ሳልደብቅ። ክንዴን ይዘው ከበረቱ ኋላ ወሰዱኝ። ግራ ቀኙን አይተው ከንፈራቸውን ጆሮዬ ላይ አደረጉና ነገሩኝ። የገዛ ልጆቻቸው የማያውቁትን ቁጥር።

«ለአንተ ነው ልጄ። ለወረቀት አይደለም» አሉ።

ወደ ላንድሮቨሩ የተመለስኩበት መንገድ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው፤ እንደዚያ የረዘመብኝ መንገድ ግን የለም። ብዕሩን ይዤ ቆምኩ። ጠይባ በዓይኔ መጣች፤ አማቴም መጣ። ዓምዱ በእውነት ይሞላ ይላል፤ ባዶም አይተው ይላል። ሽማግሌው ደግሞ ለወረቀት አይደለም ብለዋል። ሁለቱም ትእዛዝ ግልጽ ነበር፤ ሁለቱንም ልጠብቅ። «አልነገረኝም» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩና ከጎኑ በጥሩ ጽሕፈት ጻፍኩ፦ «ባለቤቱ ነገረኝ።»

አቶ ተክለወልድ አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አነበቡት።

«ስንት አሉህ?»

«የነገሩኝ ለጆሮዬ ነው፣ ጌታዬ። ለወረቀቱ አልነገሩትም።»

«ደብዳቤህ በዚህ ላይ እንደቆመ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ነግረውኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

ኦቦ ቱሳ አማርኛ ባይሰሙም በሩ ላይ ቆመው የእጄን ብዕር ይመለከቱ ነበር። አቶ ተክለወልድ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን፣ አንዴ መዝገቡን አዩ። ከዚያ ከቦርሳቸው ወረቀት አወጡና መኪናው ላይ ተደግፈው ጻፉ፤ ፈረሙም። ተቀብዬ አነበብኩ፦ «ሥራውን በሚገባ ስለሠራ ቋሚ እንዲሆን።»

«በሚገባ የሚባለው ምን ያህል ነው?» አልኳቸው።

ጣታቸውን ቀለሙ ገና ባልደረቀው ዓምድ ላይ አደረጉ። «ይህን ያህል» አሉ።

አቶ በዛብህ በሰኔ ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ። ደብዳቤያቸው «ለሥራው ቅልጥፍና» ይላል፤ ስለ በረዶው አንድ ቃል የለበትም። ይህም አናደደኝ። እሳቸውም ቢሆኑ ጥፋታቸው በግልጽ ሊነገራቸው ይገባ ነበር።

ልጃችን ሁሴኖ በሐምሌ ተወለደ። አማቴ ሊጠይቀን መጥቶ ደብዳቤውን ግድግዳ ላይ አየው፤ ማንበብ ስለማይችል እኔ ሦስት ጊዜ አነበብኩለት። ኦቦ ቱሳ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ፤ ቁጥሩ ግን እኔ ዘንድ ነው። ጠይባ ዛሬም አርጅታ፣ ጥርሶቿ አልቀው፣ ጎኔ ተቀምጣ ታሾፍብኛለች። «ለእኔ እንኳ አትነግረኝም? ስንት ነበሩ የዚያ ሽማግሌ ከብቶች?»

«ነግረውኛል» እላታለሁ።